የጋሽ ደምሴ ብርቱካን

ሌላ ሰው ብርቱካን ሲላጥ ሲሸተው ምራቁ ይመጣል፤ የእኔ ደም ይፈላል። ትናንት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ስመለስ፣ መስኮቱን ዘግቼ ማሞቂያውን ከፍቼ ስነዳ፣ ያ ሽታ ከካፖርቴ ኪስ እየወጣ መኪናውን ሞላው፣ እኔም መሪውን እንደ ጨበጥኩ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆንኩና፣ ቤዝመንት ውስጥ ከደረጃው ሥር ቆሜ «እግዜር ይስጥልኝ በይ እንጂ!» የሚለውን ድምፅ ሰማሁ። ስንት ዓመት አልፎት እንኳ አልለቀቀኝም። ብርቱካኗ እንዴት ኪሴ እንደ ገባች እደርስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን የድምፁን ባለቤት ላስተዋውቃችሁ።

አሜሪካ የገባነው በበረዶ ወራት ነበር፣ አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ እኅቴ ብሌንና እኔ። ዲቪው የደረሰው ለአባቴ ነው፤ ስፖንሰር የሆነን ግን የእናቴ የአክስት ልጅ ጋሽ ደምሴ ነበር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ግሮሰሪ ከፍቶ፣ ቤት ገዝቶ፣ በማኅበሩም በቤተ ክርስቲያኑም የፊት ወንበር የሚለቀቅለት ሰው። አንቱ የማልለው አውቄ ነው፤ እናቴ እስኪበቃ ድረስ ብላዋለች። ኤርፖርት መጥቶ ተቀብሎናል፣ ብርድ ልብስ ሰጥቶናል፣ የቤቱን ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ያለውን ክፍል፣ ለቆልናል፤ ይህን አልክድም፣ ልክድ ብልም እሱ ራሱ አያስክደኝም ነበር፣ ምክንያቱም «እኔ ባልኖር» ሳይል ወሬ መጀመር አያውቅም። «እኔ ባልኖር ይሄኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበራችሁ» ይላል ሻዩን እየጠጣ። እናቴ አንገቷን ደፍታ «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» ትል ነበር፤ አባቴ ደግሞ ምንጣፉን ያይ ነበር። ያ ምንጣፍ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ሳይሸጥለት የቀረውን ብርቱካን በካርቶን ይዞ ደረጃውን ይወርድ ነበር። ግማሹ ለስልሷል፣ አንዳንዱም አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል፤ ሱቁ ውስጥ ቢተወው ደንበኛ የሚያባርርበት ብርቱካን ነው። እኛ ደረጃው ሥር ቆመን እንጠብቀዋለን፣ እናቴ ካርቶኑን በሁለት እጇ ተቀብላ ጎንበስ ትላለች፣ እኔና ብሌን ተራ በተራ እናመሰግናለን፣ ከዚያ እሱ ወንበር ስቦ ይቀመጥና «ቅመሱት እንጂ፣ ፊቴ ብሉ» ይለናል፣ እኛም ፊቱ እንበላ ነበር። እናቴ መሬት የወደቀ ዳቦ አንሥታ፣ ስማ፣ ከፍ ያለ ቦታ የምታስቀምጥ ሴት ናት፤ እህል መጣል ለእሷ ኀጢአት ነው። ስለዚህ እሱ ከሄደ በኋላ ቢላ ይዛ የበሰበሰውን እየቆረጠች፣ የተረፈውን እየጨመቀች ሳምንቱን ሙሉ ታጠጣን ነበር። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ሳይቀር ሊበላሽ የደረሰ ብርቱካን ይሸት ነበር።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ሲያብቡ እናቴ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸውን አሮጊት የመንከባከብ ሥራ አገኘች። ሲኞራ ሊና ይባሉ ነበር፣ ጣልያናዊት ናቸው፤ እናቴ ግን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እማማ ሊና አለቻቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። አባቴ «የአርበኛ የልጅ ልጅ ጣልያን ልትጦር ነው እኮ!» እያለ ሲያሾፍባት፣ «እሳቸው ማንን ወጉ? ጉልበታቸው እንኳ አልታዘዝ ብሏቸዋል» ትለው ነበር። እንግሊዝኛዋ ገና ስላልጠነከረ ቅዳሜ ቀን አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፣ በባቡርና በአውቶቡስ አብሬያት እሄዳለሁ፣ እማማ ሊና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያወራሉ፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ የማላውቀውንም ቃል ከራሴ እሞላለሁ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ ከመስቀሉ አጠገብ፣ ጫፉ ረዝሞ ወደ ጎን የተንጠለጠለ ቀይ የሹራብ ቆብ ተሰቅሎ ነበር። መስቀሉ ገባኝ፣ ቆቡ ግን አልገባኝም።

ሙቀቱ ሲበረታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቦሎቄ ስንፈለፍል ጠየቅኋቸው። እማማ ሊና የተወለዱት ኢቭሬያ በምትባል፣ ትልቅ ወንዝ መሃሏን በሚያልፍ የሰሜን ጣልያን ከተማ ነው፤ እዚያ በየዓመቱ ከጾማቸው በፊት፣ እኛ ቅበላ በምንለው ሰሞን፣ የከተማው ሰው አደባባይ ወጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ብርቱካን ይወራወራል አሉን። እናቴ ይህን ስተረጉምላት እጇ ቦሎቄው ላይ ቀረ። «ብርቱካን? የሚበላውን?» አለችና አማተበች። እማማ ሊና ሣቁ፣ ከዚያም ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ድሮ የከተማዋ ገዥ «ሙሽራ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ ትምጣ» የሚል ጨካኝ ሰው ነበር አሉ፤ ታዲያ የባለ ወፍጮው ልጅ ስታገባ እሷንም አስጠራት፣ እሷም እንደ ታዘዘች መስላ፣ ቢላ ደብቃ ሄደችና አንገቱን ቆርጣ ጭንቅላቱን በቤተ መንግሥቱ መስኮት ለሕዝቡ አሳየች፣ ሕዝቡም ተነሥቶ ቤተ መንግሥቱን አቃጠለው። «ሰውየው እኮ ደግ ነኝ ባይ ነበር» አሉ እማማ ሊና፣ «ለድሆች ባቄላ ያድል ነበር። ድሆቹ ግን ባቄላውን ተቀብለው መንገድ ላይ በተኑበት።» ያ የተበተነ ባቄላ በዘመን ብዛት ብርቱካን ሆነ፤ ዛሬ በፈረስ ጋሪ ላይ የሚቆሙት የራስ ቁር አጥልቀው የገዥው ወታደሮች ይሆናሉ፣ በእግር ያሉት ደግሞ መከላከያ የሌላቸው ሕዝቡ፤ የእማማ ሊና ወንድም በእግር ካሉት ነበርና በየዓመቱ ዐይኑ አብጦ እየተኩራራ ይገባ ነበር፣ እሳቸውም ልጃገረድ ሳሉ ከሰገነት ላይ ይወረውሩ ነበር። ከተማው ለሳምንት የብርቱካንና የፈረስ ፋንድያ ይሸታል አሉ። መመታት የማይፈልግ ሰው ቀይ ቆብ ያደርጋል። ቀይ ቆብ ያደረገ፣ እኔ የማንም አይደለሁም፣ አትንኩኝ ማለቱ ነው፣ ማንም አይነካውም።

እናቴ ቦሎቄዋን መፈልፈሏን ቀጠለች። በኋላ «ባቄላውን በተኑት?» ስትል ሰማኋት፣ ለማንም አልነበረም ጥያቄው። እኔ ማታ አልጋ ላይ ታሪኩን በሙሉ ለብሌን ነገርኳት፣ አንገት የተቆረጠበትን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ ሲጀምር የጋሽ ደምሴ ነገር ወጣ። ብሌን የመጨረሻውን ክፍል ጀምራለች፣ ከትምህርት በኋላ ሱቁ ውስጥ ትሠራለታለች፣ ለኮሌጅ ማመልከት ነበር ሐሳቧ። እሱ ግን አንድ ቅዳሜ ከካርቶኑ ጋር ሌላ ሐሳብ ይዞ ወረደ፤ የሚስቱ ወንድም አዲስ አበባ ቁጭ ብሏል፣ ብሌን ሲትዝን እስክትሆን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ሄዳ ጋብቻ ተፈራርማ ብትመጣ የመግቢያ ፔፐሩ ይጀመራል። «ልጁ ጨዋ ነው። ፕሮሰሱ ቢፈጅ ጥቂት ዓመት ነው፤ ካልተስማሙ ዳይቮርስ ታደርጋለች፣ ምን ይጎድልባታል?» አለ፣ ስለ አሮጌ ሶፋ የሚያወራ ይመስል። ብሌን እዚያው ቆማ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። አባቴ «እስቲ እናስብበት» ሲል፣ «የምን ማሰብ? እኔ ሳላስብ አይደል እንዴ ያመጣኋችሁ?» ብሎ ብርቱካን አነሣና ላጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤዝመንቱ ጠበበ። አባቴና እናቴ መጋረጃ ወዲያ ሆነው ይንሾካሾኩ ነበር፣ «ቤቱ የሱ፣ ሥራው የሱ፣ ፔፐራችን እንኳ በሱ» ይላል አባቴ፣ «ልጅቷ ዝም ብላለች እኮ፣ እንቢ አላለችም» ትላለች እናቴ። ብሌን በእርግጥ እንቢ አላለችም። ቤታችን ውስጥ እንቢ የሚባል ቃል ወጥቶ ስለማያውቅ እንዴት እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ ግን ፎቶ ብቻ ያየችውን፣ በሃያ ዓመት የሚበልጣትን ሰው ስም ስትሰማ መብላት ታቆም ነበር። የምሬን ነው የምላችሁ፣ እኔ በዐሥር ዓመቴ ያየሁትን እነሱ እንዴት እንዳላዩ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በረዶው ተመልሶ ሲመጣ እማማ ሊና ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። በኢቭሬያ የብርቱካኑ ሰሞን ደርሶ ነበር፣ የእኛም ቅበላ በዚያው ሳምንት ገጥሞ ነበር፤ እሳቸው ግን ከአልጋቸው መነሣት ስላልቻሉ ቆቡን ከግድግዳው አውርጂ አሉኝና «ዘንድሮ አንቺ አድርጊልኝ» ብለው ጭንቅላቴ ላይ አጠለቁት። እንደዚያው አድርጌው ቤት ስገባ ብሌን አየችው። እጇን ዘረጋች፣ አውልቄ ሰጠኋት።

የቅበላ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ነገሩን ወግ ለማስያዝ ነው፤ ሦስቱም ነጭ ነጠላ አጣፍተዋል፣ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ደረጃውን ወረዱ፣ ካርቶኑም አልቀረም፣ ደረጃው ሥር ተቀመጠ። አባቴ ቁጭ በሉ ሲላቸው እንደ ደንቡ «የመጣንበት እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ። ልጅ ጠያቂው እሱ፣ የቤቱ ባለቤት እሱ፣ የልጅቷ ዘመድ እሱ፤ ማን ለማን እሺ እንደሚል ለማወቅ ያስቸግር ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ስለ ልጁ ጨዋነት ተናገሩ፣ ሁለተኛው ስለ ውለታ ተናገሩ፣ ረጅሙ የውለታው ነበር። አባቴ ምንጣፉን እያየ ከንፈሩን አላቀቀ። እሺ ሊል ነበር፣ ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

ያኔ ብሌን እንግዶቹን ሰላም እንድትል ተጠራችና ከመጋረጃው ወዲያ ወጣች። እናቴ አጥባና ተኩሳ ያዘጋጀችላትን ነጠላ አልለበሰችም። ቀዩን ቆብ እስከ ቅንድቧ ስባ አድርጋዋለች። «ምነው ልጄ፣ በረደሽ እንዴ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ጋሽ ደምሴ «አውልቂው እንጂ፣ ነውር ነው!» አለ። ብሌን አላወለቀችም፤ እናታችንን ብቻ ታይ ነበር። ከክፍሉ ሙሉ ሰው ያ ቆብ ምን እንደሚል የምናውቀው ሦስት ሴቶች ነበርን።

እናቴ ተነሣች። በጸጥታ ወደ ደረጃው ሄዳ ካርቶኑን አቀፈች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ በሩን በእግሯ ገፍታ በረዶው ላይ ቆመች። እኔና ብሌን ተከተልናት። ጋሽ ደምሴ «አስናቀች! ምን ነካሽ?» እያለ በሩ ላይ ብቅ ሲል የመጀመሪያዋ ብርቱካን ደረቱ ላይ ፈረጠች። እህል ስትጥል አይቻት የማላውቅ እናቴ፣ የወደቀ ዳቦ የምትስም እናቴ፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን እያነሣች ወረወረች፣ የለሰለሰው ነጠላው ላይ ይፈርጣል፣ ጠንካራው በሩን እየመታ ይመለሳል። ሽማግሌዎቹ ከኋላው ተደብቀው «ኧረ በማርያም!» ይላሉ። «ይኸው!» አለች ድምፅዋ የሌላ ሰው እስኪመስለኝ፣ «የሰጠኸንን ሁሉ ውሰድ! ልጄን ግን አንተ አልሰጠኸኝም!» አንቱ ሳትለው ውላ የማታውቅ ሴት ናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አንድ ብርቱካን እጄ ላይ አስጨበጠችኝና «ወርውሪ» አለችኝ። እኔ ክንዴን አነሣሁ፤ ጋሽ ደምሴ በዚያች ቅጽበት አየኝ፣ ነጠላው ቢጫ ሆኖ፣ ከጢሙ ጭማቂ እየተንጠባጠበ፣ በዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ «እግዜር ይስጥልኝ በይ» በሚልበት ዐይን አየኝ። ክንዴ ወረደ። ብርቱካኗን ካፖርቴ ኪስ ከተትኳት።

ካርቶኑ ባዶ ሲሆን አባቴ በሽማግሌዎቹ መሃል አልፎ ወጣ፣ ካርቶኑን ከመሬት አነሣና «ለልብስ ይሆነናል፣ እንሰብስብ» አለ። አባቴ በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ይህን እወድለታለሁ።

በዚያው ምሽት እናቴ በያዘችው ቁልፍ ከፍተን እማማ ሊና ቤት ገባን። ከአልጋቸው ሳይነሡ የእናቴን እጅ ወደ አፍንጫቸው ወስደው አሸተቱና እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ። ሁሉንም ተረጎምኩላቸው። ሲሰሙ ቆይተው የበዓሉን የመጨረሻ ምሽት ነገሩን፤ በሦስተኛው ቀን ከበሮውና ዋሽንቱ በአንድ ጊዜ ይቆማል፣ ሹማምንቱ ጎራዴያቸውን ድንጋዩ ላይ እየጎተቱ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው በዝምታ ይሄዳሉ፣ ሲወራወሩ የዋሉትም ይጨባበጣሉ፣ ሲለያዩም «እስከ ሐሙስ ሰባት ሰዓት» ይባባላሉ፤ የሚመጣው ዓመት በዓል ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስለሚጀምር ነው። «ቁጣ ቀን አለው» አሉ እማማ ሊና፣ «ቀኑ ሲያልቅ ይቀበራል። አንቺም በይው።» እናቴ በጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ብርቱካን በሚሸት እጇ ፊቷን አብሳ «እስከ ሐሙስ ሰባት ሰዓት» አለች። ከዚያ በኋላ የጋሽ ደምሴን ስም በክፉ አንሥታ አታውቅም።

እኔ ግን አነሣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከእኛ ቀድማ አሜሪካ የገባችው የክርስትና እናቴ ፊቷን ያዞረችብኝን አነሣለሁ፤ ከዓመት ዓመት «ብርቱካን የወረወሩበት» ስንባል መኖራችንን አነሣለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእኛ በኋላ እዚያ ቤዝመንት የገባው ቤተሰብ ሴት ልጅ እንደነበረው፣ ለብሌን የታሰበው ሰውዬም በዚያች ልጅ ፔፐር አሜሪካ እንደ ገባ አነሣለሁ። ስሟን አላውቅም። ቀይ ቆብ የሰጣት ሰው አልነበረም። ብሌን ዛሬ ሎረል ውስጥ ራሷ ከመረጠችው ሰው ጋር ሁለት ልጆች እያሳደገች ትኖራለች፣ እማማ ሊና ካረፉ ቆይተዋል፣ ቆቡ የብሌን ልጆች መጫወቻ ሆኗል። ጋሽ ደምሴ ደግሞ አምና ማኅበሩ «አዲስ መጪዎችን በመርዳት» ብሎ ሸልሞት ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት።

አሁን እሱ ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ሌላ ስቴት ናቸው። የሚንከባከበው ማን መሰላችሁ? እናቴ ናት፤ ልጆቹ ኮል አድርገው ሲለምኗት እሺ አለች። ትናንት እሷን ልወስድ አሁን ወደ ተዛወረበት አፓርታማ ስሄድ ብርቱካን እየላጠች፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እየለየች ታጎርሰው ነበር፣ ራሷ ገዝታ ያመጣችው፣ ያማረ ብርቱካን። በጎረሰ ቁጥር ጠማማ በሆነ አፉ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል። ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ዓመት ተመኝቼ ነበር፤ ስሰማው ምንም አልሆነልኝም፣ ይባስ ብሎ አናደደኝ። እናቴ አንዱን ሰጠችኝና «ስልኬ እየጮኸ ነው፣ አንቺ ላጪለት» ብላኝ ወጣች። እሱ አላወቀኝም። አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ።

አልላጥኩለትም። ብርቱካኗን ኪሴ ከትቼ ኮሪደሩ ላይ ተከተልኳትና ስልኩን ስትዘጋ «እማዬ፣ ሃው? እንዴት ትችያለሽ?» አልኳት። ቆማ አየችኝ። «እኔማ ያን ቀን ወርውሬ ጨረስኩ» አለችኝ፣ «ኪስሽ ያስገባሽው አንቺ ነሽ።»

ያኔ ኪሴ የገባችው ብርቱካን ደርቃ እናቴ አግኝታ ጣለቻት። ይቺኛዋ ግን ትኩስ ናት፣ ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ ከፊቴ ተቀምጣ ትሸታለች። ያኔ እኔ ትንሽ ነበርኩ፣ እሱ ትልቅ ነበር፤ አሁን እሱ ትንሽ ሆኗል፣ እኔ ግን ማደጌን ገና አላመንኩም። ነገ ሐሙስ ነው። እናቴ ሰባት ሰዓት ላይ እሱ ዘንድ አድርሺኝ ብላኛለች። ካፖርቴን ለብሼ፣ ብርቱካኗን ይዤ እሄዳለሁ፤ ልላጥለት ይሁን ልወርውርበት ግን ገና አላውቅም።